ለታደለች የሰጠሁት መስመር

ሰኞ

ዛሬም ብሬከሩ መብራቱን ሁለቴ ጣለው። በጣለው ቁጥር የአባባ የኦክስጅን ማሽን ይጮሃል። ሮጬ እስክመልሰው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ከሁምቦ ያመጣኋቸው እዚህ ሶዶ መብራት አለ ብዬ ነው።

የሚጥለው የታደለች የኤሌክትሪክ ምድጃ ከእኔ ስቶቭ ጋር ሲገጥም ነው። ታደለች ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ዳቦ ጋግራ ነው። የራሷ ቆጣሪ እስኪደርሳት ብዬ ከቆጣሪዬ መስመር የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ሃያ አምስት አምፔሩን ብሬከር አውጥተህ አርባ ካላደረግህ ብዬ ጨቀጨቅሁት። ደስ አላለውም፣ ግን አደረገው። ቀኑን ሙሉ አልጣለም። ተመስገን።

ረቡዕ

ጠዋት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከቆጣሪው ሥር ያለው ግድግዳ ይፋጃል። ብሬከሩን ብቀይርም ሽቦው ያው ቀጭኑ ነበር! ብሬከር የሚጥለው ሽቦው እንዳይነድ መሆኑን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የፊዚክስ መምህር ተብዬ።

ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ መጣ። ዋናው ሽቦ ተጎድቷል፣ እስኪቀየር ከአሥር አምፔር በላይ እንዳትጭኑበት አለ። መቼ እንደሚቀየር አይታወቅም።

አሥር አምፔር በ220 ቮልት፣ 2200 ዋት።
የታደለች ምድጃ 3500።
የእኔ ስቶቭ 2000።
ማሽኑ 350።

እኔ በከሰል አበስላለሁ። ያ ትልቅ ምድጃ በከሰል አይሠራም። ደጋግሜ ደመርኩት፤ ቁጥሩ አልራራልኝም።

ምድጃዋን ማብራት እንደማትችል ሄጄ ለታደለች ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም አልደበቅኩም። እጇ ዱቄት እንደያዘ ሰማችኝና፣ “ቲቸር፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል እኮ” አለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ

ዳቦ የሚገዙ ሰዎች በሯን እያንኳኩ ይመለሳሉ። መስኮቱን ዘጋሁት።

አባባ ከሰዓት ላይ፣ ታደለች ዛሬ ለምን እንዳልጋገረች ጠየቁኝ። “መብራት ጠፍቷል” አልኳቸው። ማሽኑ ራስጌያቸው እየሠራ! እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫቸው ቀስ ብለው አወለቁ።

“ትጋግር” አሉ። ማሽኑ ቢጠፋም ሽቦው ምድጃዋን እንደማይችል አያውቁም።

እያለቀስኩ ቱቦውን መለስኩላቸው። አልከለከሉኝም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ። ቱቦውን ደግመው እንዳያወልቁ እሳቸውን አደራ የምለው ከታደለች ሌላ ሰው የለኝም።