ልባቸው ሌባውን ለሚነግራቸው መርማሪ

ለተከበሩ ምክትል ኢንስፔክተር ይስሃቅ
የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ
አሰላ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የዚያን የጥቁር ቆዳ ጃኬትዎን ጤና ጭምር እየጠየቅኩ፣ የጭላሎ ብርድ እንዳይጎዳዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጎሚስታው ሙንተሲር ደህና ይሁን አይሁን ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ፣ ሰላምታዬን ለእሱም እንዲያደርሱልኝ በትህትና እለምናለሁ።

ስሜ ሁሴኖ ቱፋ ነው። ባለቤቴ ዙቤዳ ከሞተች ስድስት ዓመቷ፤ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አይመክረኝም፣ ማንም አያዘኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ይህንንም በራሴ እጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ስለጻፍኩት፣ ማን አጻፈህ ብለው ሌላ ሰው እንዳያስቸግሩ። የፊደል ስህተት ቢገኝበት የእኔ ነው። የቀረውን ስህተት በተራ በተራው አቀርብልዎታለሁ።

አንደኛ፤ ምስጋና ይቀድማል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በአቶ ገብረ መድህን ሻይ ቤት ተሰብስበን ያንን ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ የፖሊስ ፊልም ስናይ ሁለተኛ ዓመታችን ነው። እኔ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። መርማሪው ፂሙን አይላጭም፣ ይጠጣል፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ አለቃው በየሳምንቱ መታወቂያውን ይነጥቀዋል፤ እሱ ግን በሩን በእርግጫ ብሎ ይገባና ሌባውን አንገቱን ይዞ ያወጣል። ለምን እንደምንወደው ቢጠይቁኝ ልነግርዎ እችላለሁ። እኔ ለአንድ የመብራት ቆጣሪ ሁለት ዓመት «ነገ ይምጡ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ማህተም የያዘው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፊርማ ያለው መስክ ወጥቷል ሲባል የኖረ ሰው፣ በእርግጫ የሚከፈት በር ሲያይ ጉልበቱ ይታደሳል። ባለጌ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ስለ እኛ ብሎ የሚባልግ ይመስለናል። ሻይ የምትቀዳልን ማሚቱ አንድ ቀን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ምነው ለእኛም ጣቢያ እንዲህ ያለ አንድ ወንድ በላኩልን» ስትል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ አሜን አልን። በሁለተኛው ወር እርስዎ ተመድበው መጡ። ዱዓ ሲደርስ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ። ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ ጠዋት የወይዘሮ አሰፋሽ ወፍጮ ቤት ሞተር ከቦታው ጠፍቶ ተገኘ። ሰማዩ ደመና ቢሆንም ጥቁር መነጽርዎን አድርገው ደረሱልን። ቁልፉ ተሰብሯል ወይ፣ ሌላስ ቁልፍ ያለው ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ እንዲህ ያለው የጸሐፊ ሥራ ነው። ቆመን ስናይ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱና «ልቤ ሌባው ከዚህ አልራቀም ይለኛል» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያም ያደረግኩትን ልጻፈው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሙንተሲር ጎሚስታ በር ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር የጫነ ጋሪ ቆሞ አይቼ ነበር። ከኋላዎ ተከትዬ፣ በፊልሙ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው እንደሚያደርጉት፣ ይህንኑ በጆሮዎ አንሾካሾክኩልዎ። እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ኦቦ ሁሴኖ፣ እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ያለበት ሰፈር ሌባ አያድርበትም» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ዙቤዳ ከሞተች ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሙንተሲር ሚስቱ ነቢላ እያየችው በፒካፕ ተጭኖ ተወሰደ። ሲይዙት እጁ እርጥብ ነበር፤ የሚፈትሸው ጎማ በውሃ ገንዳው ውስጥ እንደተነከረ ቀረ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥበብዎ። በማግሥቱ ባለ ጋሪው ዲሪባ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ በሸራው ሥር የነበረው ሊጠገን የመጣ ሁለት የትራክተር ጎማ መሆኑን ነገረኝ። ሄጄ በዓይኔ አየሁት፤ ጎማዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወደ እርስዎ መጥቼ ቃሌን አነሳለሁ አልኩ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ቃሉን የሚያነሳ ምስክር የፈራ ምስክር ነው። ማን አስፈራራዎት?» አሉኝ። ማንም አላስፈራራኝም ብል አላመኑኝም። ሙንተሲርም እስር ቤት ተዘግቶበት ሳለ ምስክር አስፈራርቷል የሚል ሁለተኛ ክስ ተጨመረለት። ሰው ለመርዳት የሄድኩበት እግሬ በአንድ ወንጀል ላይ ሌላ ወንጀል ተሸክሞ ተመለሰ። ይህቺን ብልሃት ከየት እንዳመጧት አውቃለሁ፤ በፊልሙ ያየኋት ቀን «አቤት ጭንቅላት!» ብዬ ጭኔን መትቻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ፊልሙ አንድ ውለታ ይውልልናል፤ ሌባው ሲሰርቅ አስቀድሞ ያሳየናል። መርማሪው በጥፊ ሲመታው ደስ የሚለን፣ ጥፊው የሚያርፈው በማን ፊት ላይ እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ለእርስዎ ማን አሳየዎት? እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ያየሁት ሸራ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ምሳ ዕቃው። ነቢላ ስምንት ቀን ሙሉ ምሳ አመላለሰች። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር፤ አርባ ስምንቱ አራት ጊዜ አለፈ፤ ምናልባት የጣቢያችሁ ሰዓት ይዘገይ ይሆናል። በዘጠነኛው ቀን የጥበቃው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና፣ ዓይኗን ሳያይ «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አላት። የት ሄደ ስትል ወደ ዴራ ፖሊስ ጣቢያ ተዛውሯል ተባለች። አብሬያት ዴራ ወረድኩ። መዝገብ ገልጠው እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣልንም አሉን። ምናልባት እዚያ ይሆናል ብለን ሲሬ ሄድን፤ ሲሬም መዝገብ አላቸው፣ ሙንተሲር የለበትም። ኢንስፔክተር፣ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ በሌላው ያልገባ ሰው በመካከሉ የት ነው የሚቀመጠው?

ነቢላ አላለቀሰችም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ምሳ ዕቃውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አባባ፣ እሱን ማን ነው የጠቆመው?» አለች። ፊቴን በመስኮቱ ወደ ስንዴው ማሳ አዞርኩ። ኩራተኛ ሽማግሌ ነኝ፤ በሰባ አራት ዓመቴ ለልጅ ጥፋቴን መናገር አልለመድኩም። የዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ በተዘጋው ጎሚስታ በር ላይ የሚለጠፈው ለእሷ ነው። ነቢላ ልጄ፣ እኔ ነኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ሞተሩ የምሥራች ልንገርዎ። ባለፈው ዓርብ ተገኘ። የወይዘሮ አሰፋሽ ወንድም በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ለጥገና ወደ በቆጂ ወስዶት ኖሯል። ወፍጮው የጋራ ርስታቸው ነው፤ ከተኳረፉ ዓመት ስላለፋቸው ወሰድኩ ብሎ አልነገራትም። ሞተሩ ተመልሶ ገብቶ እየፈጨ ነው፤ ድምፁ እስከ እርስዎ ቢሮ ይሰማል። እንግዲህ ሌባ አልነበረም፣ ሌብነትም አልነበረም። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ልመናዬን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ በሬ ወይም ፈረስ ሲጠፋ አውጫጪኝ ይጠራ ነበር። አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየውን ለሽማግሌዎች በስውር የሚናገረው ሰው ወፍ ይባላል። ደግ ነገር ነበር ብዬ አላሞግስም፤ ስንቱ ድሃ አዝመራው እየረገፈበት ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ጠብሶታል። ወፍም የሚዋሽ ሞልቶ ነበር። ግን የተጠረጠረው ሰው እፊታችን ይቀመጣል። ውሃ ሲጠጣ እናየዋለን፣ ሲያስል እንሰማዋለን። ተጠርጥሮ ከዓይን የጠፋ ሰው አላስታውስም።

ስለዚህ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተማክረናል። ከመጪው ሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ እንቀመጣለን። ወይዘሮ አሰፋሽና ወንድሟ በዚህ ጉዳይ ታርቀው አብረው ይመጣሉ፤ ዲሪባ ጋሪውን ይዞ ይመጣል፤ አቶ ገብረ መድህን ሻይ ቤቱን ይዘጋል፣ ፊልሙም ይቅር ተብሏል። ዱላም ድንጋይም የሚይዝ የለም። ወፉ እኔ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ የምናገረው በጆሮ አይደለም፣ ቆሜ፣ በአደባባይ፣ ነቢላ እየሰማችኝ ነው። ከእኔ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሙንተሲር የት ነው? እስኪመለስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

በዕድሜ ላይ ዕድሜ፣ በማዕረግ ላይ ማዕረግ እንዲጨመርልዎ፣ በተለይም የሚጠየቁትን ሁሉ መልሰው እስኪጨርሱ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ አላህ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ጠቋሚ የነበርኩት
ሁሴኖ ቱፋ

ማሳሰቢያ፦ አውጫጪኝ ሲጠራ ማን መጣ ማን ቀረ ተብሎ ይቆጠራል፤ በጥርጣሬ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የቀረው ሰው ነው። ወንበር አላዘጋጀንም፤ ሳሩ ላይ ነው የምንቀመጠው። ቦታዎን ከነቢላ አጠገብ ይዘንልዎታል።