ክፍያው በማን ስም ይግባ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለጠሃ፣ ደርባን

ትናንት ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ላንቴ ቀበሌ፣ ሙዙ አይሱዙ ላይ ተጭኖ አልቆ ስምንት ገበሬዎች ከበውኝ ሳለ፣ ልከፍላቸው ስልኬ ላይ የምስጢር ቁጥሬን አስገባሁ። «ይህ ስልክ ሂሳቡን እንዲያንቀሳቅስ አልተፈቀደለትም» የሚል መልእክት መጣ። ደገምኩት። ያው ነው።

«እቴ ረይሐና፣ ስልክሽም ከእኛ ጋር ጾም ገባ እንዴ?» አለ ካሱ፣ የገበሬዎቹ ተጠሪ። ሁሉም ሳቁ። ከገበሬዎቹ አንዷ፣ ዘርፈሽ፣ ግን አልሳቀችም። «ብሩ ስልኩ ውስጥ ነው ካልሽ ሰብረሽ አውጪዋ! እኔ ልጆቼን ስልክ አላበላም» አለችኝ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሩ የገባሁት ስለፈራሁ ነው። ብደውልልህ ነገሩን ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ፤ ስለዚህ ጽፌ የደብዳቤውን ፎቶ ልኬልሃለሁ።

በሐምሌ ሦስት ድርጅቶች ክፍያችሁን በስልክ እናስተላልፍላችሁ ብለው መጥተው ነበር። ሦስቱንም ሞከርኳቸው። አንዱ ርካሽ ነው፤ ላንቴ ሲደርስ ግን ኔትወርኩ ይጠፋል። የሌላው ወኪል ያለው ሲቀላ ብቻ ነው፤ ዘርፈሽ የራሷን ብር ለማውጣት ባጃጅ ልትከፍል ነው። ሦስተኛውን መረጥኩ፤ እዚያው ላንቴ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ወኪል ሆኖ ብር ይሰጣል። ሂሳቡንም በእኔ ስልክ አስከፈትኩ። አባታችን ሞቶ ሱቁን እኔ ከያዝኩ ወዲህ ገበሬው ሙዙን ለእኔ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ከሚዛን እንደወረደ ይከፈለዋል።

ያኔ አጎታችን ካሚል «ወለድ አለበት፣ ሐራም ነው» አለ። ደንግጬ ውሉን ይዤ ሐጂ ሐቢብ ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላቸው። «ልጄ፣ ወለድ የለበትም። አጎትሽን ያስጨነቀው ወለዱ አይደለም፤ የምስጢር ቁጥሩ በአንቺ እጅ መሆኑ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ስቄ ተመለስኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ትናንት ከላንቴ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ሂሳቡ ባለፈው ዓርብ ወደ ካሚል ስልክ ዞሯል። በምን? በውክልና። የንግድ ፈቃዱ በአንተ ስም ስለሆነ የአንተ ውክልና ይበቃል አለችኝ ሠራተኛዋ። ወረቀቱንም አሳየችኝ። የኤምባሲ ማኅተም አለበት፣ ፊርማ አለበት። አጎቴ አስመስሎ ፈርሞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሁንም እንደዚያ እያሰብኩ ነው የምጽፍልህ። የስሙን መጀመሪያ ፊደል እንደዚያ ጎትቶ የሚያስረዝም ከአንተ ሌላ ሰው ግን አላውቅም።

ካሚልን ጠየቅኩት። «አንቺ ልጅ፣ ሙዝሽን መዝኚ! ለባል ስትሄጂ ሱቁን በስልክሽ ጠቅልለሽ ልትሄጂ ነበር? ከጮህሽ የበሩንም ቁልፍ እቀይራለሁ» አለኝ። ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቼ ስሄድ ተመልሼ የምከፍተው አልመሰለኝም። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ለሙዙ የሚልኩት ብር ሁሉ አሁን እሱ ጋ ይገባል። ካሱ እስከ ዓርብ ታግሦኛል። «ዓርብ ካልሆነ፣ እህቴ፣ ሚዛንሽን ይዘሽ አትምጪ» ብሎኛል። ዓርብ ካለፈ ላንቴ ላይ ሌባ የምባለው እኔ ነኝ እንጂ ካሚል አይደለም።

ከዓርብ በፊት ውክልናውን ሻር። ካልሻርከው ወርቄን ሸጬ ለገበሬዎቹ እከፍላለሁ፤ ከዚያም በራሴ ስም ፈቃድ አወጣለሁ። እፈራለሁ፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም፤ የአንተን ስም ስታነሳ ፊቷ እንዲከፋ አልፈልግም። አላህ በሰው አገር ከዘራፊ ይጠብቅህ፣ ሱቅህን ሰላም ያድርግልህ፣ በጤና ያገናኘን።

ስትደውል ብትቆጣም እሰማሃለሁ። ብቻ «ለአንቺው ብለን ነው» እንዳትለኝ። የሠራሁበትን በሌላ ሰው ስም እያስገቡ እንዲህ ማለትን፣ ከአጎቴም ሆነ ከአንተ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትህ
ረይሐና