ልጄ የሰበሰበው ቋት

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

የልጄ የዳዊት መርዶ የደረሰኝ ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽላ ሳበጥር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ልቅሶ ሊደርሰኝ መጣ።

«እማማ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞቻችንን በየፊናችን ነበር የምናስቀምጠው። ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ የሰበሰበው ዳዊት ነው። ‹እንደ ዶሮ አንድ ቆጥ ላይ አጨቅኸን› እያልን እንስቅበት ነበር» አለኝ።

ማስታወሻ እንዲሆነኝ የልጄን ሥራ ለይቶ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ልብሱን ለነዳያን ሰጥተነዋል።

«ሥራው ከእኛ ጋር ተሳስሯል፤ እሱን ብናወጣው የሁላችንም ሥራ ይቆማል፣ እማማ። ግን እዚያው ከነስሙ ይኖራል።»

«በየትኛው ስሙ?»

«በዳዊት ነዋ!»

ቄሱ በጸሎት የሚያነሱት በክርስትና ስሙ ነው፤ ያንን ደግሞ እዚያ ማንም አልጻፈለትም። እዚህ ልጻፈው። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ገብረ ሚካኤልን ነፍሱን ይማር በሉልኝ።