ተመራጮቹን ያስተዋወቅኩ ዕለት

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ አባባን ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይቆራረጥብሃል። ስለ ሥራህ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጥርስ ሕመሜ ስናወራ ድምፅህ ጎረቤት ያለህ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። "አባባ ደግሞ..." ስል ግን "ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም" ትልና ጥፍት። ወረቀት አይቆራረጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ በአንተም፣ በእሱም፣ በራሴም።

አባባ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። አዎ፣ የእኛው አባባ።

እኔም እንዳንተው ነው የደነገጥኩት። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ማንኪያውን አስቀምጦ "እወዳደራለሁ" አለኝ።

"ምን ትወዳደራለህ?"

"ለምክር ቤቱ ነዋ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ እዚያው ነው የምሠራው።"

"ታዲያ ከሥራሽ ልቀቂ አልኩሽ?"

በቃ፣ በዚያው አለቀ። በማግስቱ ያችን ቡኒ ኮቱን አስተኩሶ ገበያው ጥግ ላይ ቆመና መናገር ጀመረ። ምን ሲናገር እንደሰማሁት ልንገርህ? "የምሥራቅ ሰፈር የውሃ መስመር አርጅቷል። ጥገና አያዋጣም። ከሥሩ ተቆፍሮ መቀየር አለበት።" ቃል በቃል ያንተ ንግግር! ስድስት ዓመት ያኮረፈህበትን፣ ከቤት ያስወጣህን ያንኑ ነገር፣ አንዲት ፊደል ሳይቀንስ እንደ ራሱ ግኝት ለሕዝብ ያድላል። አትክልት መደብሩ አጠገብ ቆሜ፣ የገዛሁትን ቲማቲም ጨምቄ ጨምቄ ቀሚሴን አበላሸሁት። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጨብጭቦም አልቀረ፣ መረጠው።

ምርጫው እንዳለቀ መከራው ወደ እኔ ዞረ። አፈ ጉባኤ የሆኑት ፋርማሲስቷ ናቸው። ሰው ሁሉ ታማሚ የሚመስላቸው፣ ታውቃቸው የለ? ቢሮ አስጠሩኝና "ሕዝቡ የመረጠውን ሰው ይወቅ" አሉኝ። "ለእያንዳንዱ ተመራጭ ግማሽ ገጽ ጻፊ። ፎቶ፣ ሙያ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ለምን እንደተወዳደረ። ወረቀቱ መስታወት ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ በምሥረታው ዕለት ደግሞ አንቺው ታነቢዋለሽ። በቀን ሁለት ሁለት ሰው እያናገርሽ በሦስት ቀን ተኩል ትጨርሻለሽ።" እንክብል የሚቆጥሩልኝ ነው የሚመስለው።

ሦስት ቀን ተኩል አልበቃኝም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሁለታችንንም ሒሳብ ያስተማሩን ጡረተኛው መምህር ተመርጠዋል። ስለ እሳቸው ግማሽ ገጽ ጽፌ ብሰጣቸው፣ አሥራ አራት ቦታ በቀይ እስክርቢቶ አርመው መለሱልኝ። "በተማሪዎቻቸው ዘንድ ተወዳጅ" ያልኩትን ሰርዘው "ማስረጃ?" ብለው ጽፈውበታል። በዚያው የሁሉንም ጽሑፍ የማረም ሥራ ለራሳቸው ሰጡ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ "ወጣት ሥራ ፈጣሪ" ካልተባልኩ አሉ።

"እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ከእኔ ጋር ነው የተማረችው" አልኳቸው።

"ታዲያ አንቺ አርጅተሻል እንዴ?"

ወጣት ብዬ ጻፍኩ።

መኪና መንዳት የሚያስተምረው ጎረምሳው... ጎረምሳ እላለሁ፣ ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ሁላችንም "ፍሬን" የምንለው። እሱ ያመጣው ፎቶ ከመኪናው ጋር የተነሳውን ነው። "ለብቻህ የተነሳኸው የለህም?" ስለው "ያለ መኪናዬ ማን ያውቀኛል?" አለኝ። ፎቶውን ብቆርጠው ብቆርጠው የመኪናው የጎን መስታወት ትከሻው ላይ ቀረ። እንደዚያው ተለጥፏል፤ መጥተህ ማየት ትችላለህ። የተቀሩት ሁለቱ ምንም አላስቸገሩኝም። እግዜር ይስጣቸው፤ ስለ እነሱ የምነግርህ የለም።

አባባን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ዘርግቼ ተቀመጥን። "ሙያ?" አልኩት፣ የማላውቅ ይመስል። "ቧንቧ ሠራተኛ።" "ጡረተኛ ልበል?" "ማን ጡረታ ወጣ?" እሺ። የቤተሰብ ሁኔታ ላይ ስደርስ ሳልጠይቀው ጻፍኩ፤ "ባለቤታቸው በሞት የተለዩዋቸው፣ የሁለት ልጆች አባት።" መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረና አውራ ጣቱን "ሁለት" የሚለው ላይ አስቀመጠ።

"አንድ በይው።"

"አባባ..."

"አንድ በይው አልኩሽ። ቅጹ የማን ነው?"

ወንድሜ፣ አልኩት። አንድ አልኩት። ቢሮ ሄጄ በኮምፒውተር ስጽፈው "ሁለት"ን ማጥፋት አልበቃ አለኝ፤ "ልጆች" የሚለውንም "ልጅ" ማድረግ ነበረብኝ። "የአንድ ልጅ አባት።" አትሜ አየሁት። አልቀየርኩትም። መምህሩ ሲያርሙት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነኩም፤ ከዚያች መስመር ጎን ብቻ አንዲት ቀይ የጥያቄ ምልክት አኖሩ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስላላወራነው አሁን ላውራው። ቧንቧው ፈንድቶ ምሥራቅ ሰፈር አሥራ አንድ ቀን ያለ ውሃ የሰነበተ ጊዜ፣ በተጠራው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። "ለምን ፈነዳ?" ብለው ሲጠይቁህ "እያጣራን ነው" ብለህ ማለፍ ትችል ነበር። አንተ ግን የውሃ ክፍሉ ባለሙያ ነህ፤ ያየኸውን ተናገርክ። "መስመሩ አርጅቷል፣ መጋጠሚያዎቹም ሲጀመር በደንብ አልታሰሩም" አልክ። መስመሩን የዘረጋው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አባባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ልክ እንደነበርክ አውቅ ነበር። ያወጣኸውን ቧንቧ ግቢ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጣቴ በቀዳዳው ያልፍ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት ግን "አንድ ባለሙያ ማብራሪያ ሰጡ" የሚል ብቻ ነው። ቤት ስንገባ ደግሞ አባባ "ከዛሬ ጀምሮ ያለኝ አንድ ልጅ ነው" ሲል፣ አንተ እሱን አላየኸውም። እኔን ነው ያየኸኝ። አንድ ነገር እንድናገር ነበር የጠበቅከው። እኔ ምን አልኩ? "ምግቡ ይቀዘቅዛል" አልኩ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ ሳስባት እበግናለሁ። ምግቡ ይቀዘቅዛል! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እንግዲህ ወደ ምሥረታው ዕለት ልመልስህ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰባቱ ተመራጮች መድረኩ ላይ ተደርድረዋል። ማይክሮፎኑ ይጮሃል፤ ዝም ሲል ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። አንድ በአንድ አስተዋወቅኳቸው። ዳቦ ጋጋሪዋን "ወጣት" ስል ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን እያውለበለቡ ተቀበሉት። አባባ ጋ ስደርስ ያችን መስመር እንደ ጋለ ድስት ነካ አድርጌ አለፍኳት። ቢሆንም ሰው ሰማ። አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ አለፈ።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ሆነ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ የልብስ እጥበት ቤቷ ባለቤት ነበረች፤ ያኔ አሥራ አንዱን ቀን ሥራ የፈታችው። ማይክሮፎኑን እንቢ ብላ በራሷ ድምፅ ጮክ ብላ ጠየቀች።

"ጥያቄዬ ለቧንቧ ሠራተኛው ነው። መስመሩን የዘረጉት እርስዎ ራስዎ አይደሉም? መበስበሱን ማን ነግሮዎት ነው አሁን ይቀየር የሚሉት?"

አባባ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ። የሆነ ሰበብ ይፈጥራል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንተም ታውቀዋለህ፣ ሰበብ አያጣም።

"ልጄ ነው የነገረኝ" አለ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ብላ "ይቺ? እሷ ስለ ቧንቧ ምን ታውቃለች?" አለች።

"እሷን አላልኩም። ወንዱ ልጄ።"

"አሁን አንድ ልጅ ነው ያላቸው ተብሎ ተነበበ እኮ!"

ሰዉ ሳቀ። አባባ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወት እስካለሁ የማልረሳውን ነገር ያደረገው ያኔ ነው።

"አንድ ነው ያልሽው?"

"አዎ" አልኩ በማይክሮፎኑ።

"ማን አንድ በይ አለሽ?"

ማን! አንድ! በይ! አለሽ! በስድስት መቶ ሰው ፊት! "አንተ ነህ" ልል ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እጁን አየሁት። የኮቱን ቁልፍ በተሳሳተው ቀዳዳ ሊያስገባ ይታገል ነበር። ማዕድ ቤት ሆኖ ያዘዘኝን ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ነበር የማየው፤ ብገፋው የሚወድቅ።

"ይቅርታ፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"ሁለት ናቸው" አለ ለሕዝቡ። "ወንዱ ያኔ እዚሁ ከተማ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር። ሰምቼዋለሁ። መጋጠሚያዎቹን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ልክ አልነበሩም።" ከዚያ ተቀመጠ።

ማንም አላጨበጨበም። የልብስ እጥበት ቤቷ ሴትዮ "እሺ፤ ጥሩ" ብላ ተቀመጠች። በቃ። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ የሚቀጥለውን ጠያቂ ስም ማንበብ አቃተኝ።

እንባዬ ሳይደርቅ አፈ ጉባኤዋ መጡብኝ። "የገዛ አባትሽን ጽሑፍ እንኳ በትክክል መሙላት ያቅትሻል?" አሉኝ። በማግስቱ ማረሚያ ጽፈሽ በፊርማሽ ለጥፊ ተባልኩ። ለጠፍኩ። መስታወት ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ "በተመራጮች መግለጫ ላይ 'የአንድ ልጅ አባት' ተብሎ የወጣው በጸሐፊዋ ስህተት ስለሆነ 'የሁለት ልጆች አባት' ተብሎ ይነበብ።" አሁን ከተማው በሙሉ የሚያወራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔና አንተ እንደተጣላን! ዳቦ ልገዛ ብገባ "ወጣቷ" ጋጋሪ እጄን ይዘው "ምነው ልጄ፣ ወንድም እኮ አይካድም" ብለው መከሩኝ። መምህሩ ብቻ በኮሪደር ሲያገኙኝ ማረሚያውን እንዳነበቡት ነገሩኝና "በዚህኛው ላይ የማርመው አላገኘሁም" አሉኝ።

የምሥረታው ዕለት ማታ ቤት ስገባ ግን አባባ ላይ ፈንድቼበት ነበር።

"ለምን አዋረድከኝ? አንድ በይ ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ታዲያ ምን ልበል? ውሸታም ነኝ ልበል?"

"አዎ!"

"ገና ዛሬ ሥራ መጀመሬ ነው እኮ" አለኝ።

በንዴት መሃል ሳቄ አመለጠኝ፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ እንዲልም አልጠበቅኩም። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ "የምሥራቁን መስመር ለመቀየር መጀመሪያ ውሃው መዘጋት አለበት" አለ። "ያኔ ለጥገናው የገባው አዲሱ የውሃ መዝጊያ ቫልቭ አስፋልት ሥር ቀርቷል። ማዘጋጃ ቤት ስዕሉ የለም። የት እንዳለ የሚያውቀው ያስገባው እሱ ብቻ ነው።"

"እሱ ማን?"

ተነስቶ ወጣ። ሳይክሉን ሊያጥብ ነው አለ፤ ሳይክሉ ደግሞ ንጹሕ ነበር።

እንግዲህ ያለው ነገር ይሄ ነው። አባባ ስልክ አይደውልልህም፤ ደብዳቤ አይጽፍልህም፤ ና አይልህም። አውቀዋለሁ። አንተም እሱ ካልጠራኝ አልመጣም ብለህ እንደ ቆመ ሰዓት እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ቁርጥ እሱን ነህ፣ ብትናደድም እውነቱ ይሄ ነው። ያኔ አፌን ይዤ ስለቀረሁ ይቅርታ አድርግልኝ። አሁን ግን ስለ እናንተ ዝም ማለትም፣ በእናንተ መሃል መላላክም ሰልችቶኛል።

የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ስብሰባ በሚመጣው ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አጀንዳውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አንደኛው ነጥብ የምሥራቁ መስመር ነው። ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም አይከለክልህም። ክፍልህን አጽድቼዋለሁ፤ ሆቴል ያዝኩ ብትለኝ አልሰማህም።

ያቅፈኛል ብለህ አትምጣ። ምናልባት ሰላምታውንም ያጉረመርመው ይሆናል። ቫልቩ የት እንዳለ ይጠይቅሃል። ንገረው።

አንተን የምትጠብቅ፣
ታላቅ እህትህ