በመስታወቱ ላይ የበቀለው

ይድረስ ከእኔ በኋላ ተወልደህ ከእኔ በፊት ለሄድከው ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ባለፈው ደብዳቤህ ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ብለህ ነበር፤ አሁን ተሻለህ? ሚስትህ ደህና ናት? እናቷስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ሰው ይለያሉ? ልጅህ ቁመቷ የት ደረሰ? እኔ አለሁ። ጥርሴ ከሁለቱ በቀር በቦታው ነው፤ ጆሮዬ ግን የሚፈልገውን ብቻ መስማት ጀምሯል። ጣሪያው ያፈሳል፤ እሱም እኔም አርጅተናል። ይህን የተንጋደደ ጽሕፈት አይተህ የማን ነው ብለህ ይሆናል። የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ አይደለም፤ የእኔ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ይኸው በስድሳ ሁለት ዓመቴ ካንተ ጋር ያለ አማላጅ እየተነጋገርኩ ነው።

የአባባን ቴሌስኮፕ ልጅህ እንደፈለገችው፣ ለእረፍት የመጣችው የሥራ ባልደረባህ ስትመለስ አስይዤ እንድልክላት ጽፈህልኛል። እንደነበረ ነው ወይ ብለህም ጠይቀኸኛል። እንደነበረ አይደለም። ሌባ ወሰደው ልልህ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የተማርኩት ለመዋሸት አይደለምና ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

የሄድክ ዕለት በር ላይ ቆመህ፣ ቴሌስኮፑ ዘንድ ወረቀት አስቀምጬልሻለሁ፣ አደራ፣ አልከኝ። መኪናው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም ነበር። ማንበብ እንደማልችል ረስተህ ይሁን፣ ሰው ታስነብባለች ብለህ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከቱቦው ሥር ለአራት የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ሌሎቹን ደብዳቤዎችህን ልብስ ሰፊዋ ታነብልኝ ነበር፤ አፏ ግን ወንፊት ነው፤ ጠዋት ለእኔ ያነበበችውን እስከ ምሳ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ይህችን አላሳየኋትም። በአፍህ ያልወጣልህን በወረቀት ያልከኝ መሰለኛ። አባባን ከነአልጋቸው ትተህልኝ ስትሄድ ያልተናገርከውን፣ ያንቺንም ተራ እኔ ወሰድኩብሽ የሚል ነገር፣ ይቅርታ የሚል ነገር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአባባ የሰዓት መፍቻዎች ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኳት። ዝናብ ሲዘንብ አወጣትና መስመሮቿን በጣቴ እከተላለሁ። አምስት መስመር ናት። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው መስመር ስሜ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅህ ሲሰበር ይሰማኛል። ሰው ባላነበበው ወረቀት ውስጥ ስንት ዘመን መኖር እንደሚችል ብነግርህ አታምነኝም።

የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት ለዚያች ወረቀት ነው። አስተማሪዋ፣ ልጄ የምትሆን ሴት፣ እማማ ምን ለማንበብ ነው የመጡት ስትለኝ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ አልኳት። ማንበብ ከቻልኩ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ፈርቼ ቆየሁ። ባለፈው ክረምት ከፍቼ አነበብኳት። እንዲህ ትላለች፦ ከቆዳ ቦርሳው አውጪው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በላስቲክ አትጠቅልይው። ጨለማ ውስጥ አትቆልፊበት። በደረቅ ቀን ንፋስ ይንካው። መስታወቱን በጨርቅ አትወልውይ። ይኸው ነው። ሰላምታ የላትም። እህቴ እንኳ አትልም። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ፤ ባዶ ነው።

አሁን እኔ ያደረግሁትን ስማ። መስታወቱን በእርጥብ ሻሽ ወልውዬ፣ ከነቆዳ ቦርሳው በላስቲክ ሦስት ዙር ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ አልጋዬ ሥር በእንጨት ሣጥን ቆልፌበት ነበር። ሩዝ እርጥበት ይመጥጣል ሲሉ ሰምቼም ሁለት እፍኝ ጨመርኩበት። በየዓመቱ የሣጥኑን ላይ እወለውላለሁ፤ አደራ ነውና ክዳኑን ግን አልነካም። ካልካቸው አምስቱ አንድ ያላፈረስኩት የለም፤ ሁሉንም ያፈረስኩት ስጠነቀቅ ነው።

ሣጥኑን ስከፍት የዝናብ ሽታ ወጣ፤ የዘንድሮ ዝናብ አይደለም፣ የድሮ። ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦታል። ትልቁን መስታወት ወደ መስኮቱ ባዞረው ውስጡ ጫካ በቅሏል። ነጭ፣ ከሸረሪት ድር የቀጠነ፣ ከጠርዙ ተነስቶ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ መሃል የሚሄድ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምር ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ወፍ በሌለበት ጫካ ውስጥ የምሄድ መሰለኝ፤ ቅጠሉ ከእግሬ ሥር አይንኮሻኮሽም፣ አባባ ከዛፎቹ ወዲያ ሰዓት እየሞሉ ነው፣ እኔም ገና ማንም ያልጠራኝ ልጅ ነኝ። ወደ ራሴ ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

መነጽር ሠሪው ዘንድ ወሰድኩት። ሱቁ ከደረጃ ሥር ናት፤ ሰውየው ነገረኛ ነው። ላስቲኩን ሲያይ፣ እናቴ ሬሳ ነው እንዴ የገነዙት፣ አለኝ። የገነዝኩት እኔ ነኝ፣ የገደለው ግን የተማረ ሰው ነው፣ አልኩት። ሳቀ። ሻጋታ እንደ ሰው ነው አለ፤ ጨለማ፣ እርጥበትና ዝም ያለ አየር ካገኘ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል፤ የሩዙም ዱቄት ቀለብ ሆኖታል። መስታወቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ የትኛው ፊት ወዴት እንደነበረ እንዳይሳሳት ጠርዛቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። አራት ቀን አጠባቸው። ትልቁ ዳነ። በዓይን በኩል ያለው ትንሹ ግን ጠባሳ ቀርቶበታል፣ ፀጉር የሚያህል። ሻጋታው መስታወቱን ራሱን በልቶታል፤ ማጠብ የተበላውን አይመልስም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቴሌስኮፑ በሣጥን አልገባም። መስታወት በር ባለው የአባባ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ብርሃን እያየ ይቀመጣል። መነጽር ሠሪው እርጥበት የሚመጥጡ ጠጠሮች በትንንሽ ከረጢት ሰጥቶኛል፤ ሲደርቁ ሰማያዊ ናቸው፣ ሲጠግቡ ወደ ሮዝ ይሄዳሉ። ያኔ ምግብ በማልሠራበት መጥበሻ ቀስ አድርጌ አሞቃቸዋለሁ፤ ሰማያቸው ይመለሳል። ሰዓት የመሰለ የእርጥበት መለኪያም አለ፤ መርፌው ከሃምሳ እንዳያልፍ እጠብቃለሁ። አባባ ሰዓት ሲያዩ እንደነበረው አንገቴን ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ።

ትዝ ይልሃል? ግቢያችን ወጣ ገባ ስለነበር የቴሌስኮፑ እግር ይንቀጠቀጥ ነበር። እግሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንተና አባባ በየተራ ታያላችሁ፤ የእኔ ተራ ሁልጊዜ ነገ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ወተቷን አንተ ጠጣህ፣ እኔ እግሯን ያዝኩ። ይህን ስልህ ተቆጥቼ ነው። ግን ቁጣዬም እንደ ጠጠሮቹ ነው፣ ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ታጥቦ ግማሽ ጨረቃ በቀን ወጥታ ነበር። እግሩን በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደገፍኩና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ጨረቃዋ ጉድጓድ ጉድጓድ ናት፣ ዝናብ የመታው አመድ ትመስላለች። በላይዋ ደግሞ ቀጭን መንገድ አለ፤ ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል ይሄዳል። ጠባሳው መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ይዤው ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ከአጥር ማዶ፣ አንቺ ሴት ደርቀሽ ቀረሽ እንዴ፣ አለችኝ። ጨረቃ እያየሁ ነው ስላት፣ ጨረቃ ያለ ዕቃም ትታያለች አለች። ለእሷ እውነቷን ነው።

እንግዲህ ልኬዋለሁ። እንዳላስቀረው ለራሴ ስንት ጊዜ እንደማልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አብሮት ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ያንተው ነው፣ መልሼልሃለሁ፤ ያልከው ሁሉ ልክ ነበር፣ ለእኔ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ሁለተኛው የእኔ ነው፣ ለልጅህ የጻፍኩት። ስለ ጠጠሮቹም፣ ስለ ጠባሳውም፣ ከውጭ ሲገባ ጤዛው ሳይደርቅ እንዳትከድነው ይነግራታል። የእኔ ግን ከሰላምታ ይጀምራል።

ለሚስትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ጉልበትህን በሙቅ ጨርቅ ትያዝልህ። ለእናቷ ከዓይናቸው ጋር ሰላም ይሁኑ በልልኝ። ፎቆቹ ሰማዩን ጋረዱት ብሎ ለሚያማርረው ጎረቤትህም ሰላም በልልኝ፤ መጥቶ ይይ። ለልጅህ አክስትሽ ስምሽን በራሷ እጅ ጻፈችው በላት። መጀመሪያ የምታየው እሷ ትሁን። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ እግሩን አንተ ያዝላት።

እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፲፬ ቀን፣ መርፌው አርባ ሁለት ላይ