የትርፌ የጎደሬ ድስት

ሶዶ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለእሸቴ፣ ደሴ

ሥላሴ ከዚያ አገር ብርድ ይሰውሩህ። እኔ ከቁርጥማቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሚስትህ ትርፌም ደኅና ናት፤ አልጠየቅከኝም እንጂ። ይህን በገዛ እጄ የምጽፈው፣ ያንተን ነገር ለጸሐፊ አፍ አውጥቼ መናገር ስላሳፈረኝ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ሚስቴን ጉኑኖ አባቷ ቤት ላኪልኝ፤ ከአንድ ድስት የማይበላ ሰው በአንድ ቤት አይኖርም ያልሽው እውነትሽን ነው» ትላለህ። ብያለሁ፣ አልክድም። ያልኩት ግን ሳታገባት ነው። ያን ጊዜ ያለ እሷ እሞታለሁ ብለህ፣ ሽማግሌ አስከትለህ አባቷ አቶ ኤርካሎ ደጅ የወደቅከው አንተ ነህ። የሚሲዮን ልጅ መሆኗን ያን ጊዜም ታውቅ ነበር። መሥሪያ ቤትህ ደሴ አዛውሮህ ከአባትህ ዘመዶች መሃል ስትቀመጥ ነው ሃይማኖቷ ትዝ ያለህ?

ድስት ካነሳህ እኔም ስለ ድስት ልንገርህ።

በሥላሴ ዕለት የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ የዳሞታ ተራራ ጉም ከጠዋት ጀምሮ ደጃፋችን ላይ ተኝቷል፣ ዝናቡም አያባራም። የእጄ አንጓ አብጦ ማማሰያ መያዝ አቃተኝ። ትርፌ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። ገበያ ወርዳ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። ሥጋና ቅቤ የነካው ዕቃ ለጾም እንደማይሆን እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ አስባበት ነው። ድስቱን አሟሽታ፣ የእንሰት ቅጠል እሳት ላይ አለዝባ ውስጡን አለበሰችው። ጎደሬውን ልጣ ቆራርጣ፣ ከባቄላ ክክና ከጎመን ጋር ድርብርብ አድርጋ ደረደረችው፤ በየመሃሉ ነጭ ሽንኩርቷን፣ ያንን የሚያቃጥል ዳጣዋንና የኑግ ዘይት ጨመረች። አፉን በቅጠል ከድና ጠርዙን በሊጥ መረገችው። ፍም ላይ ከጣደችው በኋላ ቅዳሴ እስኪወጣ አልነካችውም። እኔ ሳማስል ያረጀሁት «ያርራል፣ ያርራል» እያልኩ ስነዘንዛት ዋልኩ። አላረረም።

ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ከብርድ ገብተው እጃቸውን እያፋተጉ ነበር። ይኸኔ አበልጄ ወይዘሮ ፈጠነች «ብርቄ፣ ይህን ማን ሠራው?» አለች።

«ምራቴ።»

«እንግዲያስ ለእኔ ይቅርብኝ። የሚሲዮን ሰው እጅ የነካውን አልቀምስም» ብላ ሳህኑን ገፋችው። ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ትርፌ በሩ ሥር ቆማ ሰምታለች። «እማማ፣ ግድ የለም፤ ሽሮ ቶሎ ይደርሳል» አለች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ፈጠነች፣ ጎደሬ ምን ሃይማኖት አለው? የታረደ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ለአንቺ ጾም ብላ አዲስ ድስት የገዛች ልጅ እጇ ምን ሆነ?» አልኳት።

እሷም አላፈረች። «አንቺስ እስከ ዛሬ ከእጇ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ሳህኔን በጭልፋ ሞልቼ ሁሉም እያየኝ በላሁ። ሙቀቱ እስከ ጉልበቴ ወረደ። የማኅበሩ ቄስ አባ አድነው «ስለ ሥላሴ» ብለው ተከተሉኝ፤ ከዚያም አስጨመሩ። ፈጠነች በዚያ ዝናብ ጦሟን ሄደች። እስካሁን ሰላምታ የለንም፤ አበልጅነታችን ያሳዝነኛል፣ የሠራሁት ግን አይቆጨኝም።

ከዚያ ወዲህ ትርፌና እኔ ከአንድ ድስት ነው የምንበላው። ስለዚህ የድሮ ንግግሬን ምክንያት አታድርገው። ሌላ ምክንያት ካለህ በስሙ ጥራው። በዚያ ብርድ ማን እንደሚያበስልልህ አልጠይቅህም። ግን «የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ» ይባላል። ለምታበስልልህም ንገራት።

ትርፌን አልልክልህም። ጉኑኖ ብትሄድ ወላጆቿን ልትጠይቅ ነው፤ ጠይቃም ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ቅዳሜ ደግሞ እኔ ራሴ ገበያ ወርጄ ከእሷ ድስት የሚበልጥ ድስት ገዛሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ትርፌ «ራሱ ሲጠይቀኝ ይሰማል» ብላ አፏን ዘግታለች፤ እኔ ግን አላስችል አለኝ። በፋሲካ እዚህ ነበርክ፤ ወሩን ቁጠረው። በጥር በዚህ ቤት ሦስት እንሆናለን።

ሥላሴ ልቦና ይስጡህ፤ እግርህንም ወደ ደጃችን ይምሩልህ።

የአንተም የትርፌም እናት
ብርቄ