ይሉኝታን ለኤቭያታር ማስረዳት

ይድረስ ለእትዬ ትብለጥ። የጎንደርን ብርድ እንዴት ከረሙት? እኛ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ ፋብሪካ ገብቻለሁ፤ ባለቤቴ ካሳነሽም ዕብራይስጥ ትማራለች። መምህሯ ኤቭያታር «ይሉኝታ» ለሚለው ቃላችን በዕብራይስጥ አቻ አጣሁለት ብሎ ቤታችን መመላለስ ጀምሯል። የበቆሎ ፀጉር የመሰለ ጢሙን እያሻሸ ይጠይቃታል፤ እሷም በምሳሌ ታስረዳዋለች፤ ሲሳሳት ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት አገር ቤት ሳለን ነው። እሱ የሚቀመጠው በእኔ ወንበር ላይ ነው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ» እለዋለሁ።

ትናንት እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። «አንተስ ቃሉን እንዴት ትፈታዋለህ?» አለኝ።

«ነገም ና» አልኩት።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ካሳነሽም እጅ ነስታለች፤ በራሷ እጅ እንዳትጽፍልዎ እንግዳ አለባት።

ወንድምዎ አግደው